የእናቴን ዓይን ላበሩ በጎ ፈቃደኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ዓይናቸው የደከመ እናት ወይም አባት ቤት ላላችሁ።

እናቴ የቆላ ድባ ሰው ናት። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል። መጀመሪያ ቡና ስትቀዳ ከሲኒው ውጭ ታፈስ ጀመር፤ ኋላ ሰው የምትለየው በድምፅ ብቻ ሆነ። ያልወሰድኳት ቦታ የለም። አንዱ ጋ መነጽር፣ ሌላው ጋ ጠብታ። ጠብታው ሲያልቅ ሌላ ጠብታ፣ ከበፊቱ የሚወደድ። ሞራ በጠብታ እንደማይለቅ፣ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ገንዘቡስ ይሁን። አንዱ ግን እሷው ፊት «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሊያዩ ብለሽ ነው?» አለኝ። ጆሮዋ እኮ ደህና ነው! ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቤት ደረስን።

ስለ ነፃው የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ነፃ ሲሉኝ አላመንኩም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሆኑን ስትሰማ ግን እናቴ ራሷ ነጠላዋን አነሳች። ለእሷ ዛሬም «ኮሌጁ» ነው። የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እያመጣ ያለማምድ ነበርና፣ በልጅነቷ ያከሟት እነሱ ናቸው።

ቀዶ ሕክምናውን እንዴት እንደሠሩት አትጠይቁኝ። ሞራውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገቡላት፣ ሆስፒታል ሳትተኛ ተሠርታ ቶሎ ወጣች፤ የማውቀው ይኸው ነው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ በጎ ፈቃደኛ የሕክምና ተማሪ ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠብታ ሲያደርጉላት እናቴ «ጉሮሮዬን መረረኝ፣ ጾሜን ልታስገድፉኝ ነው!» ብላ አሻፈረኝ አለች። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። ልጁ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አጠገቧ በርከክ ብሎ «እውነትዎን ነው እማማ፣ ከዓይን ወደ ጉሮሮ የሚወርድበት መንገድ አለው» አላት። በአፍንጫዋ በኩል ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣቷ ጫን እንድታደርግ አሳያት፤ እንዲያ ሲሆን ብዙ አይወርድም። በዚህ አላበቃም። ተራ ከሚጠብቁት መሃል አንድ ቄስ ነበሩ፣ እሳቸውም ሞራ የጋረዳቸው። ሄዶ አስረድቷቸው፣ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። «መድኃኒት ነው ልጄ፣ እኔም አድርጌያለሁ» አሏት። አለቀ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቶ ሳለ ነው። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። ስሙን ልጽፍ ስለው «ተዪው» አለኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እናቴ አተኩራ አየችኝና «ውይ፣ አንችም አርጅተሻልሳ!» አለችኝ። ልጁ ያኔ ነው የሳቀው።

ዶክተሮቹ፣ ነርሶቹ፣ ሰው ደግፋችሁ ስታመላልሱ የዋላችሁ ልጆች ሁሉ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለሞራ ብላችሁ ጠብታ እየገዛችሁ አትቆዩ። ዘመቻ መቼ እንዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ዘመቻ ባይኖርም ውሰዷቸው፣ ይመርመሩ። ከእነሱ ጋር የሚሄድ ሰው አይጥፋ፤ ከተሠሩ በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ የሚደረግ ጠብታ አለ። እባካችሁ ውሰዷቸው።

የእናቴ ሁለተኛው ዓይን ገና ነው። እሱንም እዚያው ነው የምናሠራው።