ኖርዝሪጅ ወይስ ዩሲኤልኤ?

የማዕከላዊ አሜሪካን ባህልና ስደተኞች ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ጥሩ አማራጭ አለ።

የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኖርዝሪጅ ትምህርቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በአሜሪካ ቀዳሚው እሱ ነው። ዛሬ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኗል። ዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ) ደግሞ የሜክሲኮ አሜሪካውያንን የሚያጠናው ክፍሉ ላይ ማዕከላዊ አሜሪካን ጨምሮ ስሙን ቀየረ።

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» ትሉ ይሆናል። ብዙ አለው። የኤልሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 ሲነድ አገሩን ጥሎ የወጣው ሰው ብዙው ሎስ አንጀለስ ገባ። ፒኮ ዩኒየን ሰፈር ብትሄዱ ፑፑሳ፣ ማለትም አይብና ባቄላ የተሸጎጠበት የበቆሎ ቂጣ፣ ምጣድ ላይ ሲገላበጥ ታያላችሁ። አጠገቡ የቆመው ጓቲማላዊ አፉን የፈታው በማያ ቋንቋ፣ በኪቼ ሊሆን ይችላል፤ ስፓኒሽ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ይህን ሰው «ላቲኖ»፣ ማለትም የላቲን አሜሪካ ሰው፣ ብሎ በጅምላ ማለፍ ያናድዳል። ኖርዝሪጅ ይህን ለይቶ ያያል።

ዩሲኤልኤም ቢሆን የዋዛ አይደለም። አብዛኛው ስደተኛ ሜክሲኮን አቋርጦ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማጥናት ያስኬዳል። እስከ ዶክትሬትም ያስተምራል።

ክፍያው? ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ኖርዝሪጅ የዩሲኤልኤን ግማሽ ገደማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጀመሪያ ዲግሪ ኖርዝሪጅ፣ ለዶክትሬት ዩሲኤልኤ። ስፓኒሹን ግን ከወዲሁ ጀምሩት።