ባሕር ዳር «እዚሁ የጠመቅነው ቢራ» ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ነው የምጽፈው።

ከአዲስ አበባ ሦስት ጓደኞቼ መጥተውብኝ ዛሬ ቅዳሜን አብረን ዋልን። ጠዋት በጀልባ ዘጌ ተሻገርን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ሄደን ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ፀሐዩ ጠብሶናል። ጓደኞቼ ቢራ ያውቃሉ፤ አዲስ አበባ ራሳቸው ጠምቀው የሚሸጡ ቤቶች ጋ ነው የሚያመሹት። እኔም «እኛም ጋ አለ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወሰድኳቸው።

ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የገብስ ዛላ ተስሏል። አዳራሹ ውስጥ በመስታወት የታጠረ፣ መዳብ የመሰለ ትልቅ ጋን ቆሟል። ቢራው ነጭና ጥቁር ነው። አስተናጋጁ «ሁሉም እዚሁ የተጠመቀ ነው፣ ፋብሪካ አልነካውም» አለን። አንዱ ብርጭቆ 190 ብር። እዚያው ጎን ያለው ቤት ጃምቦውን በ75 ብር ይሸጣል። በእጅ የተሠራ ነገር ውድ ነው ብዬ አለፍኩት።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ እኔ የጠላ ጠማቂ ልጅ ነኝ። እናቴ ጥንስስ የጣለች ቀን ጌሾው ገና ከበር ይቀበልሃል። ብቅሉ፣ እንኩሮው፣ ድፍድፉ፣ ሁሉም ቤቱን ይሞላዋል፤ ልብስህ ላይ ሳይቀር ይቀራል። ቢራም እኮ ያው ብቅል ነው። ፈልቶ፣ እርሾ ገብቶበት፣ ሳምንታት የሚቆይ ነገር ነው። እዚያ ቤት ግን የሚሸተው የተጠበሰ ዓሣ ብቻ ነበር። አፍንጫዬ ነግሮኛል፣ አልሰማሁትም። የጋኑ ክዳን ላይ አቧራ ተኝቶ አይቻለሁ። እሱንም አለፍኩት።

ሁለት ዙር ጠጣን። ሁለተኛው ጥቁሩ ነበር። «ቡና ቡና አይልም?» እያልኩ አሞገስኩት። ሦስተኛ ዙር ጥቁሩን ደግመን አዘዝንና እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።

መታጠቢያው ከባንኮኒው ጀርባ ባለ ጠባብ ኮሪደር ነው። መሃል ላይ አንድ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። እግሩ ሥር የፋብሪካ ድራፍት በርሜል አለ፤ የፋብሪካው ምልክት እንኳ አልተሸፈነም። ልጁ ከበርሜሉ በጆግ ቀዳ። ከሳጥን ሁለት ጠርሙስ ጥቁር ቢራ አወጣ፣ ከፈተ፣ አረፋው እንዳይነሳ በጆጉ ጠርዝ ቀስ አድርጎ አንቆረቆረው። በማንኪያ እጀታ አማሰለ። ከዚያ አራት ብርጭቆ ሞልቶ ትሪ ላይ ደረደረ። የኛ ትዕዛዝ ነው። ያ ቡና ቡና ይላል ያልኩት።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አልደነገጠም። በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋው።

ጠረጴዛው ጋ ስመለስ ትሪው ቀድሞኛል። ጓደኞቼ እየሳቁ ብርጭቆ አነሱ። መናገር ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እኔው አምጥቻቸው፣ እኔው አሞግሼ፣ ምን ብዬ? ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ብርጭቆዬን ግን አልነካሁትም።

ሒሳብ ስከፍል ኃላፊውን ለብቻው አነጋገርኩት። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ጣፍጧችኋል አይደል?» አለኝ። ዋጋው እንዲስተካከል ስጠይቀው ነው ቀና ያለው። ከጫማዬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ። «ካልተስማማህ ጠላ ቤት ሞልቷል» አለ።

ጠላ ቤት! ጠላ ቤት እኮ አይዋሽም። እናቴ ጉሹን ጉሽ ነው ብላ፣ ቅራሪውን ቅራሪ ነው ብላ ነው የሸጠችው። እኛን ያሳደገችን በሱ ነው።

12 ብርጭቆ፣ 2,280 ብር ከፈልኩ። ጎን ያለው ቤት ቢሆን 900 ነበር። ደረሰኙን ያነበብኩት ውጭ፣ ዘንባባው ሥር ቆሜ ነው። «ድራፍት ቢራ» ይላል። ለመንግሥት ድራፍት፣ ለእኛ «እዚሁ የተጠመቀ»።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጋኑ ውስጥ ያለው መቼ እንደተጠመቀ ጠይቁ፣ እንዲያሳዩዋችሁም በሉ። ደረሰኙንም ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ለጓደኞቼ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ነገ ጢስ ዓባይ ልወስዳቸው ነው። ምሳውን ግን እኛ ነን የምንጋብዝህ ብለው ተማምለዋል። በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሊጋብዘኝ ነው።