«ከጫቱ በኋላ ጨብሲ አለ?» ለምትለው ሲስተራችን ምስጋና

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ባለ የወጣቶች ማገገሚያ የምትሠራውን የሥነ አእምሮ ነርስ በአደባባይ ልናመሰግናት እንወዳለን። እግዜር ይስጥሽ ሲስተር! ልጁ እነሱ ጋ ባይገባ እንኳ ወላጅን ቁጭ አድርጋ ታማክራለች።

ወላጅ «ልጄ ጫት ብቻ ነው» ሲላት ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ጨብሲው፣ ማለትም ከጫት በኋላ ስለሚጠጣው አልኮል ነው። ጫት ሲቆም ሐራራ (የጫት አምሮት)፣ ዱካክ (የሌሊት ቅዠት)፣ ብዙ እንቅልፍና ድብርት ይመጣል፤ ድብርቱ ክትትል ይፈልጋል። ምርቃናውን (የጫቱን ሞቅታ) ለመስበር ማታ ማታ ሲጠጣ የከረመ ልጅ ግን መጠጡን በአንዴ ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ይከተል ይሆናል። ይህ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ጸበልም ይሁን ማገገሚያ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይየው ትላለች፤ አማኑኤል ወይም በዚህ በኩል የሚቀርበው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል።

ማዕከል ስታዩ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን አስከፍቱ። መጠጥ ሲቆም የሚሰጠው ማስታገሻ፣ ዲያዜፓሙ፣ ተቆልፎበታል? የተሰጠው መጠን ከነሰዓቱና ከነፊርማው መዝገብ ላይ አለ? የታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) መርፌስ? ሳይበላ ሲጠጣ ለከረመ ልጅ ታያሚን ሳይወጋ ግሉኮስ ብቻ ከተሰቀለለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን አለ?» በሉ። ዘበኛ ብቻ ከሆነ፣ ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከ18 ዓመት በታች ያሉት ከአዋቂ ጋር እንዳያድሩ፣ ማሰርና መምታት እንዳይኖር፣ ወላጅ ልጁን ለብቻው ማነጋገር እንዲችል አጥብቃችሁ ጠይቁ። የሥራ ፈቃዱንም አንብቡ፤ ከከተማው ወሰን ወዲያ ከሆነ የሚሰጠው የኦሮሚያ ጤና ዘርፍ ነው። ላቦራቶሪና መድኃኒት በወር ክፍያው ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ ልጁ አቋርጦ ቢወጣ የሚመለስ ገንዘብ መኖሩን በጽሑፍ ያዙ።

ሲስተር «ዘመድ ጥየቃ ነው» ተብሎ ተታሎ የመጣ ልጅ አትቀበልም። እንዲህ የገባ ልጅ አጥር ይዘላል፣ ቤተሰቡንም ዳግም አያምንም። ከመውጫው በፊትም የክትትል ቀጠሮውን ቀን ጽፋ ለወላጅ ትሰጣለች፤ ብዙ ማዕከል የሚጎድለው ይሄ ነው። ወደዚያው ፍራሽና ወደዚያው የቅምቀማ ጓደኛ የተመለሰ ልጅ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነውና።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ደግሞም ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ።