ሲሼልስ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ማሄ፣ ፕራስሊን፣ ላ ዲግ ወይስ ሲሉዌት?

የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ነው። «ባሕርም ተራራም ያለበት፣ ሰው የማይጋፋበት፣ ደግሞ ሩቅ ያልሆነ ደሴት ንገረኝ» አለኝ በስልክ። ሲሼልስ አልኩት። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ። የትኛው ደሴት?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አገሩ ከመቶ በላይ ደሴቶች አሉት። እንግዳ በብዛት የሚያርፈው ግን በሦስቱ ላይ ነው፦ ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ። እኔ ሲሉዌትን እጨምራለሁ። ስለ ጸጥታ እያወሩ እሷን መዝለል አይሆንም።

መጀመሪያ ለምን ማልዲቭስ አላልኩም? ማልዲቭስ ውስጥ ተራራ ስለሌለ ነው። ምድሩ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም። እነዚህ አራቱ የሲሼልስ ደሴቶች ግን ግራናይት ናቸው። ድንጋያቸው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሕንድና ማዳጋስካር ሲለያዩ መሀል ባሕር ላይ የቀረ የጥንት መሬት ቁራጭ ነው። ስለዚህ ከአሸዋው ተነሥታችሁ ጥቂት ከሄዳችሁ ዳገት ትጀምራላችሁ።

መንገዱም ቀላል ነው። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፤ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዱባይና ዶሃ ላላችሁም ቀጥታ በረራ አለ። ቪዛ አይጠየቅም። ሆኖም ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግድ ነው፤ መመለሻ ትኬትና የተያዘ ማረፊያም ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ የምትነሡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማሄ ላይ ነው። ወደ ሌሎቹ ለመሄድ ተጨማሪ ትኬት ትገዛላችሁ። ይቺን ያዙልኝ፤ ሒሳቡ ላይ እንመለስባታለን።

ከደሴቱ በፊት ወሩን ቁረጡ

ሲሼልስን የሚገዟት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ወበቅና ዝናብ ይዞ ነው የሚመጣው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ያኔ አየሩ ደረቅና ቀለል ያለ ነው፤ ባሕሩ ግን ይቆጣል። በመሀል፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ነፋሱ ያርፋል። ውኃው ይጠራል። መነጽር አድርጎ ዓሣ ለማየት የሚመረጠው ያን ጊዜ ነው።

አሁን የእኛን የሠርግ ወራት አስቡ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያ። ሚያዝያ ግሩም ነው። ጥር ግን እዚያ ዝናብ የሚበረታበት ወቅት ነው። ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ወርዶ ወርዶ ያባራል። የተራራው ድንጋይ ግን እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ ደሴት ነፋስ የሚመታው ጎንና የተከለለ ጎን አለው። ወሩ ሲለወጥ ጎኖቹ ቦታ ይቀያየራሉ። እኔ ይህን የተማርኩት በሐምሌ ነው። ፕራስሊን ላይ በደቡብ በኩል ማረፊያ ያዝኩ። ፎቶው ላይ ነጭ አሸዋ ነበር። ስደርስ የባሕር አረም እስከ ቁርጭምጭሚት ተከምሯል፤ ሽታውም አያስቀምጥም። የማረፊያው ባለቤት «በሚያዝያ ብትመጣ ኖሮ» አለችኝ። ፎቶው አልዋሸም፤ ወሩን ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ማሄ፦ ሁሉም የሚያልፋት

ብዙ ሰው ማሄን እንደ መናኸሪያ ነው የሚያያት። «እሷማ ከተማ ናት» ብሎ በዚያው ቀን ጀልባ ላይ ይወጣል። ባሕርና ተራራ አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

ማሄ ከሁሉም ትልቋ ናት፤ 155 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ከሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነች። መሀሉ በሙሉ ደንና ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ፣ ሞርን ሴሼልዋ፣ 905 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ሰው 905 ሲባል ይስቃል። ቤቱ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተሠራው! ግን እዚያ የምትነሡት ከባሕር ወለል ነው። ወበቁ ሸሚዝ ያጥባል። እንጦጦን የለመደ ሰውም እዚያ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ጫፉ ድረስ መውጣት ግድ አይደለም። ኮፖሊያ የሚባለው መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ላዩ ሰፊ ገላጣ ድንጋይ ነው፤ ቪክቶሪያና ፊት ለፊቷ ያሉት ትናንሽ ደሴቶች ከታች ይታያሉ። ነፍሳት አጥምዶ የሚበላ፣ እንደ ማሰሮ ያለ ተክል እዚያው ድንጋዩ ላይ በቅሎ ታገኛላችሁ። ሞርን ብላን 667 ሜትር ነው፤ በሻይ ተክሉ አጠገብ ይጀመራል፤ ቁልቁል ምዕራቡን ባሕር ያሳያል። ዳገት የማይወድ ደግሞ ከቤል ኦምብር ተነሥቶ ድንጋዩን ታክኮ ወደ አንስ ማዦር ይሂድ። መኪና የማይደርስበት ባሕር ዳርቻ ነው። ጥላ የለውም፣ ውኃ ይዛችሁ በጠዋት ውጡ።

ከሰዓት በኋላ በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ባሕር ዳርቻ፣ ቤው ቫሎን ላይ ትዋኛላችሁ። ወለሉ አሸዋ ነው፤ ልጅ ላለው ሰው ይመቻል። ጠዋት ተራራ፣ ከሰዓት ባሕር፣ ማታ የተጠበሰ ዓሣ። ይህን በአንድ ቀን በዚህ ቅለት የሚሰጣችሁ ማሄ ነው።

ጉድለት አለው? አለው። ቤው ቫሎን እሑድ እሑድ የአገሬው ሰው ከነቤተሰቡና ከነሙዚቃው ይወጣበታል። እኔ ደስ ይለኛል፤ ጸጥታ ፍለጋ የመጣ ግን ሊከፋ ይችላል። ያኔ ወደ ደቡብ ውረዱ። አንስ ታካማካና አንስ ኢንተንዳንስ ሰው አይበዛባቸውም። ነፋሱ ከደቡብ በሚመጣባቸው ወራት ግን ማዕበሉ አደገኛ ነው፤ ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

አውቶቡሱ ርካሽ ነው፤ ደሴቱን በሙሉ ያዳርሳል። ትልቅ ሻንጣ ግን አይጭንም፤ ምሽት ላይም ይጠፋል። መኪና የምትከራዩ ከሆነ፣ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቦይ አለ። የመጀመሪያውን ቀን በቀን ብርሃን ንዱ።

ላ ዲግ፦ ፎቶው ላይ ያለችው

ስልካችሁ ላይ ያያችሁት፣ ትልልቅ ክብ ድንጋይ መሀል ነጭ አሸዋ ያለበት ፎቶ፣ የዚህች ደሴት ነው። ቦታው አንስ ሱርስ ዳርዣን ይባላል። የሚገባው ዩኒየን ኢስቴት በሚባለው የድሮ የኮኮናት እርሻ በኩል ነው፤ መግቢያ ይከፈላል። ውኃው ጥልቅ አይደለም። ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ይጠብባል፣ ስለዚህ የሞላውንና የጎደለውን ሰዓት ጠይቃችሁ ሂዱ።

ላ ዲግ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መኪና በጣት ይቆጠራል፤ ሰው ሁሉ በሳይክል ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ይቸገራል። የአክስቴን ልጅ «እጮኛህ ሳይክል ትችላለች?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። መንገዱ አጭር ስለሆነ በእግርም ይሆናል፤ ፀሐዩ ግን ቀልድ አያውቅም።

ስለ ጸጥታዋ ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጠዋት ጀልባው የቀን እንግዶችን ያራግፋል። እስከ አመሻሽ ያ ዝነኛ ባሕር ዳርቻ የፎቶ ሰልፍ ነው። የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ደሴቷ ሌላ ትሆናለች። የሳይክል ቃጭልና የሌሊት ወፍ ክንፍ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ላ ዲግን ለቀን ጉብኝት ብቻ መሄድ ዋናውን ነገር ትቶ መመለስ ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩባት፤ ወደ ዝነኛው ባሕር ዳርቻም ጠዋት በር እንደተከፈተ ግቡ።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ግራንድ አንስ፣ ፕቲት አንስና አንስ ኮኮ ከዝነኛው ይልቅ እኔን ይማርኩኛል። ግን የውኃው ስበት ሰው ይወስዳል፤ ዋናተኛ ነኝ የሚለውንም ጭምር። ለእግር ጉዞ ሂዱ፣ ለዋና አይሁን።

ተራራዋ ኒ ዴግል 333 ሜትር ነው። አጭር ናት፣ ቀጥ ያለች ናት። እላይ ስትደርሱ ፕራስሊን ከፊት ለፊት ትታያለች። ተራራ ወዳድ በግማሽ ቀን ይጨርሳታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማሄ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ጫፍ እየመረጡ መውጣት የለም።

ፕራስሊን፦ መሀል ላይ ያለችው

ፕራስሊን ከማሄ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ በትንሽ አውሮፕላን 15 ደቂቃ። ከፕራስሊን ላ ዲግ ደግሞ በጀልባ 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ለማየት የሚፈልግ እዚህ ያርፋል።

ፕራስሊንን የሚያስመርጣት አንድ ጫካ ነው፤ ቫሌ ደ ሜ። እ.ኤ.አ. በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ እዚያ ይበቅላል፤ ዘሩ ከዓለም ተክሎች ሁሉ ትልቁ ነው፣ እስከ 25 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ነፋስ ሲነሣ እነዚያ ግዙፍ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲጋጩ ቆርቆሮ ላይ ዶፍ የወረደ ይመስላል። እኔ ቀና ብዬ ዝናብ ፈልጌያለሁ። ፍሬውን ለማስታወሻ መግዛት የሚፈልግ ከነፈቃዱ ይግዛ፤ ያለ ወረቀት ከአገር አይወጣም።

ጫካው ግን የጥላ ሥር ሽርሽር ነው እንጂ ተራራ አይደለም። አንስ ላዚዮ በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነ በክረምታችን ወራት የተከለለ ነው፤ በጥር ደግሞ ማዕበሉ ይመጣበታል። ፕራስሊን ጥሩ ናት፣ ግን ባሕሩንም ተራራውንም በግማሽ በግማሽ ነው የምትሰጠው። ትልልቅ ቤተሰብ ይዞ፣ አረጋዊት እናት ይዞ ለሚሄድ ሰው እሷን እመርጣለሁ።

ሲሉዌት

ከማሄ 45 ደቂቃ ገደማ በጀልባ። የመኪና መንገድ የላትም። ሞንት ዶባን የሚባለው ጫፏ 740 ሜትር አካባቢ ነው፤ በቁመት ከማሄ ቀጥሎ የሚቆጠር። ጸጥታዋ እውነተኛ ነው። ማረፊያው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ግን ምሳም ራትም በሆቴል ዋጋ ነው፤ ወጣ ብሎ ርካሽ ነገር መግዛት የለም። ኪሱ የሚችል ይሂድ፣ አይቆጭም።

ሒሳቡ

ሲሼልስ ርካሽ አገር አይደለችም። ብዙው ነገር ከውጭ ነው የሚገባው። የሚያድነው ማድ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያና በዕቃ ተደርጎ ተይዞ የሚሄድ ምግብ ነው፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ምስር። በጾም ለምትሄዱ ምስርና ዱባ በኮኮናት ወተት የተሠራ አይጠፋም፤ ዓሣ እንዳይነካው ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የጀልባ ትኬቱን ሰው ይዘነጋዋል። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ ባሕሩ በተቆጣበት ወር ጀልባው ያስታውካል፤ መድኃኒት ከመሳፈር በፊት ነው የሚወሰደው። የመጨረሻውን ሌሊት ምንጊዜም ማሄ ላይ እደሩ። ጀልባ ሊዘገይ ይችላል፣ አውሮፕላን ግን አይጠብቅም።

ከአምስት ሌሊት በታች ከሆነ ደሴት አትቀያይሩ፤ ማሄ ብቻ። አምስትና ስድስት ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ላ ዲግ፣ ቀሪው ማሄ። ፕራስሊንን የምጨምረው ሳምንት ሲሞላ ነው።

ለአክስቴ ልጅም እንዲሁ አልኩት። በሚያዝያ፣ ሁለት ሌሊት ላ ዲግ፣ አራት ሌሊት ቤው ቫሎን። ማረፊያውን ሊይዝ ሲል ትናንት ደወለ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ሠርጉን ወደ ጥር አምጥተውታል። እንግዲህ ጎን መቀየራችን ነው። ቤው ቫሎን ቀርቶ በደቡብ ምሥራቅ ያለው አንስ ሮያል ሆኗል፤ ለኮፖሊያ ደግሞ የማያንሸራትት ጫማ እንዲገዛ ነግሬዋለሁ። እጮኛው ሳይክል መማር ጀምራለች።