ለሲስተር ምስጋና፣ ነርሲንግ ለሚማሩ ወገኖችም ጥቆማ

የነርሲንግ ዲግሪዬን ጨርሼ፣ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ ፈተናውንም አልፌ ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ፣ በይፋ ላመሰግናቸው ስፈልግ የቆየሁ አንድ ሰው አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንኖር አበሾች «ሲስተር» ብቻ ብለን የምንጠራቸው እኚህ እናት፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ያሳለፉ ነርስ ሲሆኑ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የነርሲንግ ተማሪዎችን ያስጠናሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ንፉግነት ይሆንብኛል።

የተማርሁት ታኮማ ፓርክ በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በተመሠረተውና የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በሆነው በዋሽንግተን አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦርቶዶክስ ሆኜ እዚያ መግባቴ ቤተ ዘመዱን ትንሽ አነጋግሮ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው የዘውዲቱ ሆስፒታልም ደርግ እስኪወርሰው ድረስ በዚሁ ቤተ እምነት ይተዳደር እንደነበር ሳስታውሳቸው ግን ወሬው ጋብ አለ። ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ትምህርት የለም፤ ይህ ቀዳሚት ሰንበትን ሲያከብር ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ ሌሊት ሌሊት በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያን መጦሪያ) በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት ለሚሠራ ደግሞ በገንዘብ የማይገኝ እፎይታ ነው። ከአናቶሚና ከማይክሮባዮሎጂ ጎን የሃይማኖት ኮርሶችም ይወሰዳሉ፤ ታማሚው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ነፍስና መንፈስም ያለው ሙሉ ሰው ነው የሚለው ሐሳብ በየትምህርቱ ይመላለሳል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ መጻፍ አይከብድም። አልጋ ዳር ቆሞ በሥራ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲስተር የደረሱልኝም እዚህ ላይ ነው።

አንድ እሑድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው አሮጊት ሆኑልን። ትንሽ የጠበል ጠርሙስ በእጃቸው ይዘዋል። ከእኛ መካከል አንዱ «እማማ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም መቅመስ ክልክል ነው» ብሎ ጠርሙሱን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ፣ ሰብሰብ አድርገው ይዘውት «ልጄ፣ ይኼ እኮ ውኃ አይደለም» አሉት። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጠፋው። ሲስተርም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን አንድ በአንድ አስረዱን፦ ጠበሉ ለእርሳቸው ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ማደንዘዣ ሲወሰድ በሆድ ያለው ነገር ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት፣ በመጠጣት ፈንታ ግንባራቸውን ቢቀቡት ወይም ቢረጩት ደስ ይላቸው እንደሆነ መጠየቅ፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው ማሳወቅ፣ የተደረገውንም መመዝገብ። ማተባቸውንም ያለ ፈቃዳቸው መበጠስ የለም፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ተጠይቆ፣ ከታማሚዋ ጋር ተመካክሮ ነው።

ከዚህ ጋር አያይዘው የነገሩንን እስከ ዛሬ ሥራ ስገባ አስበዋለሁ። «የተኛ ሰው ንግግርህ ቢሰለቸው ተነሥቶ አይሄድብህም፤ ስለዚህ አትስበክበት» ነበር ያሉን። ታማሚው ራሱ ጸሎት ከጠየቀ አብሮ መቆም፣ ካልጠየቀ ደግሞ ምን እንደሚያጽናናው ጠይቆ ያንኑ ማመቻቸት፣ ሙስሊምም ይሁን ምንም የማያምን ያው ጥያቄ እንደሚገባው ማወቅ፣ ከአቅም በላይ ሲሆን የሆስፒታሉን መንፈሳዊ አማካሪ መጥራት። በእምነት ላይ የተመሠረተ ነርሲንግ ሲባል ብዙዎቻችን የጠበቅነው ተቃራኒውን ነበር ብል አላጋንንም።

ሲስተር ስለ ርኅራኄ ብዙ ሲያወሩ አይሰሙም፤ ስለ ዜሮና ስለ ነጥብ ግን አይደክማቸውም። 5 ሚሊግራም ለማለት 5.0 ብሎ የጻፈ ተማሪ ደብተሩ በቀይ ይሞላል፤ ነጥቧን ያላስተዋለ ሰው 50 ብሎ ያነበዋልና። ግማሽም ሁልጊዜ 0.5 ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ዜሮው ከቀረ 5 ይመስላል። ተረከዝንና የጀርባን ግርጌ ሳይነኩ «ቆዳው ደህና ነው» ብሎ መመዝገብም በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው። የመኝታ ቁስል ሲጀምር የሚታየው መቅላት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይለይ፣ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሶ ከዙሪያው ጋር ማነጻጸር እንደሚያስፈልግ ያሳዩን የራሳቸውን ክንድ ዘርግተው ነው። እኛን በመሰሉ ታማሚዎች ላይ ይህ ምን ያህል ሊታለፍ እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

የፈቃድ ፈተናው ስለሆነው ስለ ኤንክሌክስ ብዙ አልልም። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ ቢበዛ 5 ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ነው፤ ሲስተርም የሚያለማምዱት አራቱም ምርጫ ትክክል በሚመስልበት ጊዜ የትኛው እንደሚቀድም ማመዛዘንን ነው።

ሌላው ውለታቸው ገና ሳይመዘገቡ ለሚያማክሯቸው የሚሰጡት ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ፍሎሪዳ ከነበሩ 3 ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ተሽጧል ብሎ 25 ሰዎችን መክሰሱ ይታወሳል። እኔንም «ክፍል ሳትገባ ዲግሪውን እናስጨርስህ» ያለኝ ደላላ ነበር። ሲስተር ማንኛውም ትምህርት ቤት በግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ መጽደቁን፣ ፕሮግራሙም የነርሲንግ ትምህርትን ጥራት ከሚመዝኑት ተቋማት፣ ከኤሲኢኤን ወይም ከሲሲኤንኢ፣ ዕውቅና ማግኘቱን ተማሪው ራሱ እንዲያረጋግጥ ያደርጋሉ፤ ክፍያ የሚባል ነገር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲስተር፣ ያስተማሩኝን ሁሉ በየቀኑ እየሠራሁበት ነው፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እርሳቸው ዘንድ መማር የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። የሚጠይቁት ክፍያ መጠነኛ ነው፣ ለተቸገረም ያስተካክላሉ። የኮርሱን ዝርዝርና ራሳችሁ የሠራችሁትን የእንክብካቤ ዕቅድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን የመጣ ተማሪ ሠርቶ እንዲመለስ ይላካል። የፈተና ጥያቄ ሸምድዶ ማለፍ ለሚፈልግ እርሳቸው አይሆኑትም፤ በሐበሻ ቀጠሮ የሚመጣም በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።