የዘይት ቀለም ወይስ የጠመኔ ዱቄት? የሞዴል ታንክ ማጠናቀቂያ

ከብዙ ዓመት በኋላ ትንንሽ ሞዴሎችን ወደ መገጣጠም ተመልሼ፣ ደሴ ቤቴ መስኮት ሥር በ1፡35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) አንድ ቲ-55 የተባለ የሶቪየት ታንክ ገጣጥሜ ቀባሁ። አዲሱን ቀለም ጦር ሜዳ የዋለ ለማስመሰል ሁለት መንገድ ሞከርኩ፤ በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለምና የተፈጨ ጠመኔ።

እንደኔ ለተመለሰ ሰው የዘይት ቀለሙ ይሻላል፤ ስህተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣል። ቡናማና ጥቁር ቀላቅለው በቀጭን ቡሩሽ ጫፍ የብሎኑን ጥግ ነካ ሲያደርጉት፣ ፈሳሹ ራሱ ብሎኑን ይዞርና የብየዳውን መስመር ተከትሎ ይሮጣል። ይህን ማየት ዛሬም ልቤን ደስ ያሰኘዋል። ከበዛም አኳራጅ በነካ ቡሩሽ ወደ ታች መሳብ ነው፤ የሚቀረው ጭረት የዝናብ ዱካ ይመስላል። ግን ሥር ያለው አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለም ደርቆ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መሸፈን አለበት። እኔ ቸኩዬ ቫርኒሹን ዘለልኩት፤ የታንኩ አናት ተዥጎረጎረ። በደሴ ክረምት ደግሞ የዘይት ቀለሙ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል። መስኮት ከፍቶ መሥራትም ግድ ነው።

ጠመኔው ርካሽና ፈጣን ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ መነስነስ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ደርሶ የተመለሰ አይሱዙ ላይ የሚታየውን ደረቅ አቧራ የዘይት ቀለም አያመጣውም። ችግሩ አለመጣበቁ ነው፤ ቫርኒሽ ሲረጩበት አብዛኛው ይጠፋል፣ ካልረጩበት በጣት ይለቃል። ስለዚህ ለሰንሰለቱና ለጎማዎቹ ብቻ፣ በመጨረሻ፣ በአኳራጅ ጠብታ አስይዤ እጠቀምበታለሁ።