የፋሽን ሹራብ መጽሔት ከወራት በኋላ፦ ፎቶው ያምራል፣ ሹራቡ ግን አይታይም

ውጭ አገር ያለችው እህቴ የአንድ ታዋቂ የፋሽን ሹራብ መጽሔት ደንበኛ አድርጋኛለች። ከመስከረም ጀምሮ ሰው በመጣ ቁጥር ትልክልኛለች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሹራብ የምሠራው ስለምወደው ነው፤ ለአራስ ልጅ ኮፍያ፣ ለቤተሰብ ደግሞ ሙሉ ሹራብ። መጽሔቱን የማየው መርፌ ይዤ ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። የጉንጉን ጌጥ የሚሠራበት ሰንጠረዥ ግሩም ነው። አንዱ ሳጥን አንድ ቀለበት (መርፌው ላይ የሚያዝ አንድ የክር ጥልፍ)፣ አንዱ መስመር አንድ ዙር። እንግሊዝኛው ባይገባችሁ እንኳ ትሠሩታላችሁ። ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ደግሞ አውራ ጣት የምታክል የመስመር ሥዕል አለች። የደረት ስፋት፣ ርዝመት፣ የብብት ጥልቀት በሳንቲ ሜትር ተጽፎባታል። ለእኔ የመጽሔቱ ዋጋ ያለው እሷ ላይ ነው።

ችግሩ ፎቶው ነው። ለብርድ ወቅት በወጣው እትም ላይ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ ግራጫ ሹራብ አለ። ሞዴሏ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች። ፀጉሯ ኮሌታውን ሸፍኖታል። እጆቿን ደረቷ ላይ ስላጣመረች ቁልፎቹ አይታዩም። ሁለተኛው ፎቶ ከሩቅ፣ ጭጋግ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቡትስ ጫማዋን ያሳያል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ የፊቱ ላስቲክ (ተለጥጦ የሚመለሰው የሹራብ ጠርዝ) ከሹራቡ ገላ ጋር አብሮ ይሠራል ወይስ በኋላ ይቀጠላል? ገጹን በስልኬ አንስቼ ዙም አደረግኩት። ጥላ ብቻ። መልሱን ያገኘሁት መጨረሻ ገጾች ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ከታጨቀው መመሪያ መሃል ነው። ገላው ካለቀ በኋላ ከጠርዙ ቀለበት እየለቀሙ ነው የሚሠራው። ፊት ለፊት የተነሳ አንድ ፎቶ ቢኖር በአንድ እይታ ይታወቅ ነበር።

ይኼ ከልቤ ያናድደኛል። ሹራብ ሠሪ ፎቶን የሚያነበው እንደ መመሪያ ነው። ትከሻው የት ይወድቃል? እጅጌው ብብት ላይ ይሸበሸባል? ላስቲኩ ወገብ ይይዛል ወይስ ይንዘላዘላል? አዘጋጆቹ ግን የሚሸጡልን ሙድ ነው። ያንን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ስንት ሌሊት ቆጥሮበታል፤ ልፋቱ ፀጉርና ጭጋግ ሥር ሲቀበር ያሳዝናል።

ልብሶቹም ቢሆኑ ጀርባቸው ክፍት፣ ርዝመታቸው እምብርት ላይ የሚያልቅ፣ እጅጌያቸው ከጣት አልፎ የሚንጠለጠል ይበዛባቸዋል። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጎረቤቴ እትዬ አንድ ቀን ገጹን እያገላበጡ «ልጄ፣ ይቺን ልጅ አይበርዳትም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። እንዲያ ያለ እጅጌ ይዞ እንጀራ መጋገርም ሆነ ልጅ ማጠብ አይቻልም።

ክሩ ሌላ ጣጣ ነው። መጽሔቱ የሚወደው ሞሄርና አልፓካ የሚባሉ የእንስሳ ጸጉር ክሮችን ነው። የእኛ የጎጃም ዋሸራ በግ ደግሞ ጸጉሩ አጭር ነው፤ ክር አይወጣውም። ገበያ የሚገኘው አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። የሱፍ ሥራ ታጥቦ፣ ተወጥሮ ሲደርቅ በተወጠረበት ይቀራል። አክሪሊክ እንዲያ አይታዘዝም። ትኩስ ካውያ ከነካው ደግሞ ይልፈሰፈስና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ መጽሔቱ ላይ ወለል ብሎ የሚታየው ቀዳዳ ቀዳዳ ጌጥ በእኛ ክር ጭምድድ ይላል። በሌላ ክር መሥራት ለሚፈልግ ግን እኔ ባየኋቸው እትሞች ውስጥ አንድ መስመር ምክር የለም። የክሩን ክብደትና ርዝመት መጻፋቸው ይመሰገናል። 50 ግራም 100 ሜትር የሚል ካያችሁ፣ 50 ግራሙ 100 ሜትር ገደማ የሚሆን ክር ፈልጉ።

ሹራቡን ከመጀመራችሁ በፊት ግን ናሙና፣ ማለትም ትንሽ ቁራጭ፣ ሠርታችሁ ለኩ። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ቀለበት ይላል እንበል። ለ100 ሳንቲ ሜትር ደረት 200 ቀለበት ማለት ነው። በእናንተ ክርና እጅ 18 ከወጣ፣ ያንኑ 200 ብትጀምሩ 111 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩን ወደ 180 አውርዱት። እኔ አሁን ፎቶውን ትቼ ከሥዕሏ ልኬት ብቻ ነው የምሠራው። ለወንድሜ አንገቱ ከፍ ያለ ሹራብ በዚህ መንገድ ወጥቶልኛል፤ ትከሻው ልክክ ብሎለታል።

ለሰንጠረዡና ለሥዕሏ ከ5 አምስት፣ ለፎቶው አንድ እሰጣለሁ። መሥራት ገና ለጀመረ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ይግዛው አልልም። ገላና እጅጌ መግጠም ለሚችል ግን ጉንጉኖቹ ብቻ ያዋጡታል። ማርቆስ ያላችሁ ሠሪዎች ማየት ከፈለጋችሁ አውሳችኋለሁ፤ ሥዕሎቹ ላይ የእኔን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ጽፌባቸዋለሁ።